ሰባተኛው ጥያቄ

ዘይቱና እንድሪስ በዚያ ሳምንት ከአላህ የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሐሙስ ኮምቦልቻ ላይ የሚሰጠውን ፈተና ማለፍ። ነገሩ ለሰሚ ግራ ነው። ከዋናው ከተማ አንድ ዩኒቨርሲቲ ከሰው ጋር በሥርዓት የሚነጋገር ኮምፒዩተር ልሠራ ነው፣ ምሁሮቹ "ሰው ሠራሽ አእምሮ" የሚሉትን ማለት ነው፣ ለዚህም አንድ ተመራማሪ እቀጥራለሁ ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። አንድ ብቻ። ደሴ ሒሳብ የምታስተምር፣ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር የኩታበር ገበሬ ልጅ ለዚህ ቦታ ምን ቆርጧት ነው ያላላት ሰው አልነበረም። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ጻፈች።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ በላቸው የድጋፍ ደብዳቤዋን ከመፈረሙ በፊት ሦስት ቀን አመላለሳት። "ከማሽን ጋር ማውራት ምን ይሉት ፈሊጥ ነው? ሰው አልቆ ነው?" አላት።

"ሰው አላለቀም ጓድ" አለችው።

ይህን ስትል ጊዜው 1979 ዓ.ም. ማለቂያው ነው፤ ወደ ሰሜን ልጅ ያልሰደደ ቤት ማግኘት የሚከብድበት ጊዜ። የጓድ በላቸው የራሱ ታናሽ ወንድም ደብዳቤ ከላከ መንፈቅ አልፎታል። ቀና ብሎ አያት። ከዚያ በኋላ አንድም ነገር ሳይጠይቃት ፈርሞ ማኅተሙን መታላት።

ሌሎቹ አመልካቾች ስለ ቁጥርና ስለ ቀመር ሲጽፉ እሷ የጻፈችው ስለ ሰላምታ ነበር። እውነቷን ነው፤ የወሎ ሰው ሰላምታ አፍ እንዳመጣ የሚወረወር ቃል አይደለም፣ ተራ አለው። ቁጭ ብላ ስትቆጥረው አሥራ ሁለት ጥያቄ ሆኖ አገኘችው። መጀመሪያ የራስ ጤና፣ ከዚያ አባት፣ እናት፣ ሽማግሌ፣ የታመመ ሰው፣ ሕፃናት። ሰባተኛው ከቤት የራቀ ሰው ነው። ከዚያ ጎረቤት፣ ከብት፣ ዝናብና እርሻ፣ ገበያ፣ በመጨረሻም የአገር ሰላም። መጨረሻ ላይ ትልቁ ሰው ሁሉንም በየስማቸው ይመርቃል። ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልሱ መጀመሪያ "አልሐምዱሊላህ" ነው፤ ክፉ ነገር እንኳ ቢኖር ከዚያ ወዲህ ነው የሚነገረው። ይህን ሁሉ ማሽን በሚገባው መንገድ፣ ይህ ከሆነ ወደዚህ ሂድ፣ ያ ከሆነ ወደዚያ ተመለስ እያለች አሥራ አራት ደንብ አድርጋ ጻፈችው።

አሥራ አራተኛውን ደንብ የሰጧት አባ ሰይድ ናቸው። አባ ሰይድ የአባቷ ታላቅ ወንድም ሲሆኑ በኩታበር ዙሪያ መርዶ የሚያረዱ ሽማግሌ ናቸው። ሰው በሩቅ አገር ሲሞት ለቤተሰቡ እንዴት እንደሚነገር የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ፤ በጎሕ፣ ሰው ሳይበላና ሥራ ሳይጀምር፣ ብቻ ሳይኬድ፣ ሰላምታው በተራው እየተጠየቀ። ክረምት ላይ ደብተሯን ይዛ አጠገባቸው ተቀምጣ ጠየቀቻቸው።

"ገና የማርዳቱ ቀን ሳይደርስ ሰውየው መንገድ ላይ ቢያገኝዎትስ? ስለሞተበት ሰው ቢጠይቅዎትስ?"

"እዘላለሁ።"

"ደህና ነው አይሉትም?"

"ወላሂ አልልም። ሐሰት ተናግሬ ነገ ለአላህ ምን ልመልስ ነው? ከብቱን እጠይቃለሁ፣ ዝናቡን እጠይቃለሁ። አንዴ ብዘል ሽማግሌ ነው፣ ደክሞታል ይባላል። ስመርቅም ያንን ስም አላነሳም። እሱ ሁለተኛው ነው። ሁለቴ መዘለሉን ያስተዋለ ሰው ያውቃል።" ከዚያ "ግን የሚያስተውል የለም። ማን ማስተዋል ይፈልጋል ብለሽ ነው" አሏት።

እሷም ጻፈችው፦ በስሙ የተጠየቀ ሰው በመልሱም በምርቃቱም ከተዘለለ ያልተነገረ መርዶ አለ። የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ከፍያለው በላኩላት ደብዳቤ ላይ የሞገሷት ይህንን ነበር። "እኛ ማሽኑ የተባለውን እንዲሰማ ስንታገል እርስዎ ያልተባለውን እንዲሰማ አደረጉልን" ብለው ነበር። ለመጨረሻው ፈተና የጥናቱ ቡድን ማሽኑን ጭኖ መጋቢት ውስጥ ኮምቦልቻ እንደሚመጣ፣ እሷም ማሽኑ ጨርሶ የማያውቀውን አንድ እውነተኛ የሰላምታ ንግግር ጽፋ እንድታመጣ አዘዟት። ደብዳቤውን ስንት ጊዜ እንዳነበበችው እሷና አላህ ያውቃሉ።

ለማን ልታነብለት አማራት መሰላችሁ? ለበሺር ነው። በሺር ታላቅ ወንድሟ ነው። ልጆች ሳሉ አባታቸው ሁለቱንም ማስተማር ሲያቅታቸው "እኔን በሬዎቹ ይበቁኛል፣ እሷ ትቀጥል" ብሎ ከስድስተኛ ክፍል የወጣ እሱ ነው። ደሴ ተከራይታ ስትማር በየአሥራ አምስት ቀኑ ስንቋን በአህያ ጭኖ የሚያመጣላት፣ ከበር ላይ ሆኖ "የሒሳብ ሊቅ አለች?" እያለ ጎረቤት ፊት የሚያሳፍራት እሱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከኩታበር ገበያ ቅዳሜ ዕለት አፍሰው ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ሥልጠና ጨርሶ ወደ ግንባር ሲያልፍ ደሴ መኪናው ቆሞ ግማሽ ሰዓት አገኘችው። ያኔ ማስታወቂያው ገና ሳይወጣ ሰላምታውን በትርፍ ጊዜዋ መቁጠር ጀምራ ነበርና ይህን ስትነግረው ሳቀባት።

"ለመሆኑ እኔ ስንተኛ ላይ ነኝ?"

"አሁን ከቤት ስለወጣህ ሰባተኛ ላይ ነህ።"

"ከከብቱ በፊት ነኝ?"

"ከከብቱ በፊት ነህ።"

"እንግዲያውስ ይበቃኛል" አለና መኪናው ላይ ወጣ።

ከፈተናው በፊት ባለው ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዘይቱና መስኮቷ ሥር ተቀምጣ ደንቦቿን ስትከልስ አባ ሰይድን ከግቢው በር ላይ አየቻቸው። አከራይዋ እትዬ ባይነሽ አስቁማቸው በሹክሹክታ ታዋራቸዋለች። ባይነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። እሳቸው ምርኩዛቸውን ተደግፈው መሬት መሬት ያያሉ። ብዙ ቆዩ።

ሌላ ሰው ቢሆን ወጥቶ ይጠይቅ ነበር። ዘይቱና ግን በዚያ ግቢ አምስት ዓመት ስትኖር በር ላይ ስለሚባል ነገር አለመጠየቅን ለምዳለች። እትዬ ባይነሽ ጴንጤ ናት፤ የጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ ምእመናኑ በየቤቱ ተደብቀው ነው የሚጸልዩት፤ ማን የት እንደሚገናኝ የሚነገረው እዚያው በር ላይ በሹክሹክታ ነው። ላለማወቅ ብላ ፊቷን ማዞር ለዘይቱና የጉርብትና ወጓ ሆኖ ነበር። ያን ዕለትም ፊቷን አዞረች። አባ ሰይድና ባይነሽ ስለ ምን ሊንሾካሾኩ ይችላሉ ብላ እንኳ አልጠየቀችም። አይ ልማድ።

አባ ሰይድ ሲገቡ ደስ አላት። በዚያው ጽፋ የምትሄደው ንግግር በእግሩ መጣላት። ጉልበታቸውን ሳመች፣ መደቡ ላይ አስቀመጠቻቸው፣ ደብተሯን ዘረጋች።

"አባ፣ ሰላምታችንን እጽፈዋለሁ፤ ነገ ለፈተናው ነው።"

አባ ሰይድ ደብተሩን አዩት። "መጻፉ የግድ ነው?" አሏት።

"የግድ ነው አባ።"

"መርሃባ። ጻፊ።"

ጀመሩ። ጤናዎ? አልሐምዱሊላህ። አባዬ? አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው። እማዬ? አልሐምዱሊላህ፣ ወገቧን አሟታል። እንዲህ እየተባለ ሰባተኛው ደረሰ።

"በሺርስ? ደብዳቤ መጣ?"

"መንገዱ ጭቃ ነው" አሉ አባ ሰይድ። "በልጉ ዘንድሮ ቀደም ብሎ ያዘ። ሸማኔው ጎረቤታችሁ ደህና ነው፤ ሚስቱ ወለደች።"

ዘይቱና የሰማችውን ጻፈች። ከቁጥር ሰባት አጠገብ በእርሳስ "ድካም" ብላ አሰፈረች፤ ከኩታበር እስከ ደሴ በእግራቸው መጥተው እንዴት አይደክማቸው። ከብቱ፣ እርሻው፣ ገበያው፣ የአገር ሰላም ተባለ። ከዚያ አባ ሰይድ እጃቸውን ዘርግተው መረቁ። አባቷን በስሙ፣ እናቷን በስሟ፣ ሸማኔውን፣ አዲስ የተወለደችውን ልጅ፣ እትዬ ባይነሽን ሳይቀር፣ ነገ የሚፈትኗትን ሰዎች ሳይቀር። እሷ አቀርቅራ አንድ ቃል እንዳያመልጣት ትጽፋለች። ፊታቸውን አላየችም። እጇ ሁሉንም ጻፈ፤ ልቧ ግን ኮምቦልቻ ነበር።

እራት ብሉ ብትላቸው እሺ አላሉም። "ገራዶ ዘመድ ጋ ነው የማድረው" ብለው ተነሡ። በር ላይ ሲደርሱ መዳፋቸውን ራሷ ላይ አድርገው ትንሽ ቆዩና ሄዱ።

ሐሙስ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ወረደች። ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ሲወረድ ሹራብ ይወልቃል፤ እሷም አወለቀች፣ ደብተሯን አቀፈች። ፈተናው አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አዳራሽ ውስጥ ነበር። ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ቴሌቪዥን የሚመስል መስታወት፣ ከሥሩ የጽሕፈት መኪና የሚመስል ገበታ። አማርኛ ፊደል ስለሌለው አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል ነው የሚጽፈው። ዶክተር ከፍያለው ቀጭን፣ ሲናገሩ እጃቸው የማያርፍ ሰው ናቸው። ፀሐይነሽ የምትባል ረዳታቸው ገበታው ላይ ተቀምጣለች። አጠገባቸው ሦስት ፈታኞች አሉ።

"ደንቦችዎን እንዳሉ አስገብተናቸዋል፣ አንድ ቃል አልነካንም" አሏት ዶክተሩ። "አሁን ያመጡትን ንግግር ያንብቡልን፤ ፀሐይነሽ ትጽፋለች። ማሽኑ ሥርዓቱን ከተከተለ፣ የጎደለም ካለ ከነገረን፣ እኛ ሌላ ሰው አንፈልግም።"

ዘይቱና ማንበብ ጀመረች። ፀሐይነሽ ትጽፋለች፣ መስታወቱ ላይ አረንጓዴ ፊደል ይሰለፋል። ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ ማሽኑ "ተቀብያለሁ" ይላል። አንድ፣ ተቀብያለሁ። ሁለት፣ ተቀብያለሁ። ፈታኞቹ ወንበራቸውን አስጠጉ። ሰባተኛው ላይ "መልስ የለም፣ እጠብቃለሁ" አለ። ዶክተር ከፍያለው ፈገግ ብለው አዩዋት፤ እሷም ፈገግ አለች፤ በትክክል እንደጻፈችው ነው የሚሠራው። ቀጠለች። አሥራ ሁለተኛውን ጨርሳ ምርቃቱን አነበበች። ስም በስም። ፀሐይነሽ የመጨረሻዋን ቃል ጻፈች።

ማሽኑ በሁለት መስመር ጻፈ፦

ሰባተኛው ሁለቴ ተዘሏል።
ያልተነገረ መርዶ አለ።

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው አጨበጨበ። ሌሎቹም ተከተሉ። "አገኘው" አሉ ዶክተር ከፍያለው፣ ድምፃቸው በደስታ ዝግ ብሎ። "ማንም ሳይነግረው አገኘው።" ወደ እሷ ዞረው እጃቸውን ዘረጉ። "እንኳን ደስ ያለዎት፣ ቦታው የእርስዎ ነው። ለመሆኑ ይህን ምሳሌ ከየት አመጡት? ሰባተኛው ማነው?"

ዘይቱና እጃቸውን አልጨበጠችም። ዓይኗ መስታወቱ ላይ ነው። የባይነሽ ነጠላ አፏ ላይ፣ የአባ ሰይድ መዳፍ ራሷ ላይ፣ "መጻፉ የግድ ነው?" ያሉት፣ ሁሉም ባንዴ ቦታ ቦታውን ያዘ። በገዛ እጇ ጽፋዋለች። "ድካም" ብላ ጎኑ ላይ በእርሳስ አስፍራበታለች።

"ወንድሜ ነው" አለች።

ጭብጨባው ቆመ። ፀሐይነሽ እጇን ዘርግታ መስታወቱን አጠፋችው፤ የጠፋው ግን መስታወቱ እንጂ ነገሩ አልነበረም። ዶክተር ከፍያለው የተዘረጋ እጃቸውን ምን እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። "ምናልባት ስህተት ይሆናል፣ ማሽን ነው፣ ይሳሳታል" አሉ ቀስ ብለው።

"አልተሳሳተም። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

ውኃ አመጡላት፣ አልጠጣችም። ጮኻ አላለቀሰችም። ለቅሶ እኮ አብሮ የሚያለቅስ ሰው ይፈልጋል፤ እዚያ አዳራሽ ውስጥ በሺርን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ሰው ሁሉ ሽማግሌ ይዞ፣ ጎሕ ጠብቆ፣ ሰላምታ አቀዳድሞ የሚነግረውን ነገር እሷ ከመስታወት ላይ አነበበችው፣ ያውም በጭብጨባ። ይህ ነው አንጀቷን ያቃጠላት። ዶክተሩ የሹመቱን ወረቀት ሲሰጧት ሁለት እጃቸውን አጋጥመው ነበር።

"አንድ ነገር ልለምንዎት" አለቻቸው። "አሥራ አራተኛውን ያውጡልኝ።"

"የጥናቱ ልብ እሱ ነው እኮ።"

"አውቃለሁ። ያውጡልኝ።"

ፀሐይነሽ ዶክተሩን ሳታስፈቅድ ማሽኑን መልሳ አበራችና አወጣችላት።

ወደ ደሴ በሚወጣው አውቶቡስ ሹራቧን ለበሰች። ግቢ ስትደርስ እትዬ ባይነሽ ፊቷን እያየች "እንዴት ነበር?" አለቻት። "አለፍኩ፤ ደክሞኛል" ብላ ገብታ በሯን ዘጋች። ማወቋን ለባይነሽ ብትነግራት ባይነሽ ትጮኻለች፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ አባ ሰይድ ነገ ለምን ይመጣሉ? እንደሚመጡ ታውቃለች። ዓርብ በጎሕ ነው የሚመጡት፤ ፈተናው ያለፈበት የመጀመሪያው ጎሕ። ወንድሟ በሥርዓት ሊነገርለት ይገባዋል ብላ ትራሷን ነክሳ አነጋች።

ሳይነጋ ተነሣች፣ ተጣጠበች፣ ሰገደች፣ ክፍሏን ጠረገች። በሩ ሲንኳኳ ሻሿን አስራ መደቡ ላይ ተቀምጣ ነበር። አባ ሰይድ ከገራዶ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ገቡ። ባይነሽ ከኋላ ቆመች።

"አሰላሙ አለይኩም፣ እንዴት አደርሽ የኔ ልጅ?"

"ወአለይኩም አሰላም። አልሐምዱሊላህ።"

ተራውን ያዙ። እሷም አንዱንም ሳታጎድል መለሰች። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ አባ ሰይድ አልዘለሉም።

"በሺር ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነበር" አሉ። "አብሮት የነበረ የኩታበር ልጅ ቆስሎ መጣ። የቀበረው እሱ ነው፤ በእጁ ነው አፈር ያለበሰው። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። አብሽሪ የኔ ልጅ፣ አብሽሪ።"

ያን ጊዜ ጮኸች። ከትናንት ጀምሮ የያዘችው ሁሉ ወጣ። "በሬዎቹ ይበቁኛል ያልክ ወንድሜ" እያለች፣ "ከከብቱ በፊት ከሆንኩ ይበቃኛል ያልከኝ" እያለች አለቀሰች። ባይነሽ ወገቧን አቅፋ አብራት ተቀመጠች። ጎረቤት መጣ፣ ሙስሊሙም ጴንጤውም፣ ግቢው ሞላ።

ፀሐይ ከወጣች በኋላ ለቅሶው ረገብ ሲል አባ ሰይድ መቁጠሪያቸውን እያንቀሳቀሱ ወደ እሷ ጠጋ አሉ።

"ፈተናሽስ?"

"አለፍኩ አባ።"

"አልሐምዱሊላህ። ረቡዕ የመጣሁት ላረዳሽ አልነበረም፣ ዓይንሽን ልይ ብዬ ነው። ባይነሽ ፈተናው ነገ ነው ስትለኝ መርዶውን ለማቆየት በር ላይ ተማከርን፤ ሳትሰማ ትፈተን አልን። በሺርም ቢሆን ይህንኑ ይል ነበር።" ከዚያ ጎንበስ ብለው ዓይኗን ፈለጉ። "ሳትሰሚ ነው የተፈተንሽው፣ አይደል?"

አንድ ቃል ነበር የሚበቃቸው። አዎ ብትላቸው ሽማግሌው በቀሪ ዘመናቸው ያርፉ ነበር። ግን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው።

"ከገራዶ ስትመጡ መንገዱ አልጨቀየባችሁም?" አለች።

አባ ሰይድ አዩዋት። "ጭቃ ነው" አሉ። ነገሩን አለሳልሰው፣ "ማሽኑ ምን አለሽ? ደህና አስተናገደሽ?" አሏት።

"እማዬ እህል ቀመሰች?" አለች ዘይቱና።

መቁጠሪያው እጃቸው ላይ ቆመ። ሁለት ነው። አባ ሰይድ ማን ነገረሽ ብለው አልጠየቁም። ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉና፣ ስንቱን ቤት ያረዱ ሰውዬ፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ተንሰቀሰቁ። ዘይቱና ከባይነሽ እቅፍ ወጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"አብሽሩ አባ" አለቻቸው።